የሐጃ ሸምሲያ አጣቢ

ላምበረት መናኸሪያ ፊት ለፊት አንሶላ፣ ፎጣ፣ ሳሙናና አቡጀዲ የምትሸጥ ከይሪያ የምትባል ሴት ነበረች። ሰፈሩ ግን «ቢቢሲ» ነው የሚላት። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በዘፈቀደ አይወጣም። ከጉርድ ሾላ እስከ ላምበረት ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የማን ሽማግሌ ለምን እንደተመለሰ ከሷ የተሰወረ ነገር አልነበረም። ፎጣው ሰበብ ነው እንጂ ሰው ሱቋ የሚመጣው ለወሬ ነው። አንድ ነገር ግን እንመስክርላት፤ አትዋሽም። ከሰማችው ላይ ቅንጣት አትጨምርም። ጣጣው ከሰማችው ላይ ቅንጣት አለመቀነሷ ነው።

እንግዲህ በዚህች ሴት ላይ ነው ያ ነገር የደረሰው። ጊዜው ባቡሩ ሊመጣ ነው ተብሎ ከሲ.ኤም.ሲ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ የተቆፋፈረበት፣ ሰዉ ሁሉ አቧራ እየቃመ የሚውልበት ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። የካቲት አሥራ አራት ቀን ጎህ ሲቀድ ሐጃ ሸምሲያ አረፉ።

ሐጃ ሸምሲያን ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሙስሊም ሴት ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ሴት ስትሞት፣ ገና ድንኳኑ ሳይተከል፣ ሐጃ ጋ ሰው ይላካል። ነጭ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ይመጣሉ፣ መጋረጃው ይጋረዳል፣ ውሃው ሲፈስ ይሰማል፣ ከዚያ ይወጣሉ። አለቀ። ከመጋረጃው ጀርባ ያዩትን ከሳቸው አፍ የሰማ ፍጡር የለም። የአጣቢ ወጉ ነዋ፤ ሟች ገላ ላይ ያየሽውን ጠባሳም ሆነ ነውር፣ ጉድም ሆነ ጸጋ፣ ከአፈሩ ጋር ትቀብሪዋለሽ። ሌላዋ ወጉን ብታውቅም ቢያንስ ለባሏ ሹክ ትላለች። ሐጃ ግን ዝም ካሉ ዝም ናቸው።

ከይሪያ በዚህ ዝምታ ቂም ይዛባቸው ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የገዛ እናቷ ሲሞቱ፣ ልጅ ናትና ገብታ ልታጥብ ሲገባት፣ መጋረጃው ሥር ስትደርስ ወደቀች፤ ተሸክመው ነው ያወጧት። ሬሳ አይታ አታውቅም፤ ትፈራለች፣ አበቃ። ሲቆይ ሐጃን ጥግ ይዛ እናቴ እንዴት ሆነው ነበር፣ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር ብላ ብትጠይቃቸው፣ አላህ ይማራቸው ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ። የገዛ እናቴን ነገር ለኔ ይደብቃሉ ብላ ስታማርር ዓመት ከረመች።

ሌላም ነገር ነበረ። ሐጃ ዘመድ የላቸውም። ዘመዳቸው አልቆ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ታይቶ አይታወቅም። ባላቸው ሐጂ ሳልህ በሰሜን መስመር የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ቀን ሙሽራ በጋቢና ይዘው መጡ። ያቺ ሙሽራ ናት ሐጃ ሸምሲያ የሆነችው። በዒድ የሚጠይቃት አጎት፣ በሠርግ የሚመጣ የአክስት ልጅ፣ በለቅሶ የሚያቅፋት ወንድም የለም። አንዱ የወሎ ናቸው ይላል፣ ሌላው የአርጎባ። ከይሪያ ሃያ ዓመት ይሄን ነገር ፈልፍላለች። አንዴ ፊት ለፊት ብትጠይቃቸው ሐጃ ፎጣ መርጠው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው፣ አመስግነው ወጡ። ከይሪያ በዕድሜዋ ሳታገኘው የቀረች ወሬ ያ አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥባት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ሱቋን ከፍታ ሳትጨርስ እትዬ ሐዋ በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ሐዋ ሐጃ ሲያጥቡ ውሃ የሚያፈሱላቸው አሮጊት ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለዩት። ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ ሸምሲያ አርፋለች፣ ተነሺ አሏት። ከይሪያ ኢናሊላሂ ብላ እንባዋን እየጠራረገች፣ ሱቁን ዘግቼ ለቅሶ እመጣለሁ አለች።

እትዬ ሐዋ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። «ለቅሶ አይደለም» አሏት። «ልታጥቢያት ነው። ስምሽን ጠርታ ተናዝዛለች።»

ከይሪያ መጀመሪያ የሳቸው ዓይን ሰው አሳስቷቸው እንደሆነ ነው የመሰላት። ቀጥሎ ሳቅ ሳቅ አላት። በመጨረሻ የከፈተችውን ሱቅ መልሳ ቆለፈች።

ሐጃ ቤት ስትደርስ ሰፈሩ በሙሉ ያንኑ ነገር እያነሳ እየጣለ ነበር። ሴቶቹ ሐጃ በመጨረሻ ሰዓት አእምሯቸው ስቶ ይሆናል ይላሉ። ቁርኣን የምታቀራ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ስንት ሴት እያለ «ቢቢሲ»? ነገ ጠዋት የሐጃን ገላ ላምበረት ላይ ልትዘረጋው? ከይሪያ ይሄን ሁሉ በጆሮዋ ሰማች፤ እውነቱን እንናገር ካልን፣ አልፈረደችባቸውም። እሷም ብትሆን እንደዚያ ነበር የምትለው። ተቅዋ የምትባለው ጎረቤቷና የወሬ ባልንጀራዋ ብቻ ናት ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ፣ እድልሽ ነው፣ ግቢ፣ ስትወጪ ትነግሪኛለሽ ያለቻት።

ነገሩን የቆረጠው ያሲር ነው። ያሲር የሐጃ አንድ ልጅ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ከላምበረት መገናኛ ሚኒባስ የሚያመላልስ ዝምተኛ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ ከወንዶቹ መሃል ተነስቶ መጣና እናቱ ሁለት ጊዜ ደጋግማ እንደነገረችው፣ አእምሮዋ ከሱ የተሻለ እንደነበር፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ጀናዛው መውጣት እንዳለበት ተናገረ። ከዚያ ወደ ከይሪያ ዞሮ፣ «እትዬ፣ አደራዋን ተቀበሊልኝ» አላት።

እትዬ ብሏት አያውቅም። ማንም ብሏት አያውቅም። ያቺ አንዲት ቃል ናት እግሯን ወደ መጋረጃው ያንቀሳቀሰችው፤ ድፍረት አይደለም፣ እምነትም አይደለም፤ እንደዚያ ሲጠሯት የምትሸሽበት መንገድ ስላጣች ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ ጠባብ ክፍል ናት። ትንሽ ዘንበል ያለ ሳንቃ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ፣ የተቀጠቀጠ የቁርቁራ ቅጠል በሳህን፣ ካፉር የሚባለው ሽቶ በብልቃጥ፣ ተቆርጦ የተዘጋጀ የሟች መጠቅለያ ከፈን። ከፈኑን ስታየው ደነገጠች፤ ከሷ ሱቅ የተገዛ አቡጀዲ ነው። ለስንት ሴት እንዲህ ለክታ ቆርጣ ሸጣለች፤ ግን አቡጀዲው ከሱቋ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አንድ ቀን ተከትላው አታውቅም። ሳንቃው ላይ ሐጃ በአንሶላ ተሸፍነው ተኝተዋል።

እትዬ ሐዋ በሩን ዘግተው፣ በዳሰሳ ባልዲው ጋ ቆመው፣ እጅሽን በጨርቅ ጠቅልይ፣ ንያ አድርጊ፣ ለአላህ ብለሽ በልብሽ አስቢ አሏት። ቢስሚላህ አለች። ከዚያ እትዬ ሐዋ እየነገሯት፣ አንሶላውን ሳትገልጥ ከሥሩ እጇን አስገብታ፣ በውስጥ የቀረ እንዲወጣ የሐጃን ሆድ ቀስ ብላ ተጫነች። እንደ በረዶ ትቀዘቅዛለች ብላ ፈርታ ነበር፤ አልቀዘቀዘችም። ማለዳ አልጋዋን ትታ እንደወጣች ሴት ገና ሙቀቱ አልለቀቃትም። ከይሪያ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እትዬ ሐዋ አልገሰጿትም፤ እንባሽ እንዳይነካት ዞር በይ ብቻ አሏት።

ከዚያ የሆነው ነገር ከይሪያን እስከ ዛሬ ይገርማታል። እትዬ ሐዋ አያዩም፤ ግን የውሃው ድምፅ ይነግራቸዋል። ውሃው ትከሻ ላይ ሲያርፍና ጸጉር ላይ ሲያርፍ ድምፁ አንድ አይደለም አሏት። የጆሮዋን ኋላ ዘለልሽው፣ ተመለሺ ይሏታል፤ እውነትም ዘልላዋለች። ቀኝ እጅ ቀድሞ፣ ግራ ተከትሎ፣ የሶላት ትጥበቱን፣ ዉዱእ አስደረገቻቸው፤ ሕፃን ልጅ ፊት እንደሚታጠበው አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን። ጸጉራቸውን ፈታች። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፤ እስከ ወገባቸው። አርባ ዓመት ይሄን ጸጉር ከሟች ባላቸው በቀር ማን አይቶታል? ፍርሃቷ መቼ እንደለቀቃት አታስታውሰውም። አንድ ጊዜ ዝቅ ብላ እጇን ስታየው የራሷ አልመሰላትም። ቀስ ይላል፣ ያውቃል፣ የማን እጅ ነው እስኪያሰኛት ድረስ። ሰው ለካ ሥራውን የሚማረው ተምሮ ጨርሶ አይደለም፤ ቦታው ላይ ሲያቆሙት ነው።

የቀኝ ጎናቸውን ጨርሳ ወደ ግራው ዞረች። የግራ ክንዳቸውን ቀና አድርጋ፣ ከክርናቸው በላይ በውስጥ በኩል ጨርቁን ስታሳርፍ፣ ንቅሳት አየች።

መስቀል ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ አራት ጫፉ በደንብ የተነቀሰ፣ በጊዜ ብዛት ወደ አረንጓዴ የሄደ። በልጅነት የተነቀሰ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቆዳው ሲያድግ አብሮ ሰፍቷል። ለመፋቅ ወይም ለማቃጠል የተሞከረ ምልክት የለበትም። ተሸፍኖ ብቻ ነው የኖረው።

ከይሪያ ውሃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ደርቃ ቀረች። ይህች ሴት የሰፈሩን ልጆች ፋቲሓ ያስቀራች ናት። ለፈጅር ሶላት ከሙአዚኑ ቀድማ የምትነሳ፣ ረመዳን ሲገባ ሰፈሩ እሷን አይቶ የሚጾም፣ መካ ሄዳ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ሙስሊም ሴቶችን ወደ ጌታቸው አዘጋጅታ የላከች። ያች ሴት ደግሞ አንድ ቀን፣ የሆነ ደጋ መንደር ውስጥ፣ መስቀል የተነቀሰች ሕፃን ነበረች። ከዚያ ወደዚህ የመጣችው በማን ተይዛ ነው? ሐጂ ሳልህ መኪናውን ነዱ እንጂ፣ ያን መንገድ የመጣችው ብቻዋን ነው። አንዱን ኑሮ አውልቃ ሌላውን ለብሳ፣ አንድም ሰው ስፌቱን ሳያይባት፣ ከተወለዱበት በላይ ሆና ኖረችበት። ከይሪያ የተወለደችበትን ሃይማኖት ያን ያህል ደክማበት አታውቅም፤ ይሄን ስታስብ ሰውነቷን ወረራት። ፍርሃት አይደለም። አላህ ፊት ድንገት የቆመች ያህል ነው የተሰማት።

ያ ሃያ ዓመት የፈለገችው ወሬ ይኸው፣ መዳፏ ላይ።

«ለምን ቆምሽ?» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ምንም» አለች ከይሪያ።

በሕይወቷ አንድ ነገር አይታ «ምንም» ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነው። ጨርቁን ነክራ እንደሌላው ገላ ሁሉ አጠበችው፤ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛውን በካፉር ውሃ።

ገላውን አድርቀው ጸጉሩን ሦስት ቦታ እየጎነጎነች ሳለ ነው እትዬ ሐዋ ማውራት የጀመሩት። ሸምሲያ እኔን ውሃ አፍሳሽ ያደረገችኝ ስለማላይ ነው አሏት። የታጣቢዋን ነውር የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን ብላ፣ ዓይናማዎቹን ሁሉ ትታ እኔን መረጠችኝ። ከይሪያ ጉንጉኑን ይዛ፣ እሺ እኔንስ ለምን ብላ ጠየቀች። በዚያች ቅጽበት ከዚህ በላይ ማወቅ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አሉ እትዬ ሐዋ። «ምን አለችኝ መሰለሽ? ከይሪያ ወሬ የምትወደው ሰው ስለምትወድ ነው። የማን ቤት የቱ ጋ እንደሚያመው ታውቃለች። እስከ ዛሬ ግን አደራ ብሎ የሰጣት ሰው የለም አለችኝ።»

ከይሪያ ጉንጉኑን ጨርሳ ከፈኑን አለበሰች።

ስትወጣ ግቢው በሙሉ ቀና ብሎ አያት። ሴቶቹ በዓይናቸው ሊገልጧት ምንም አልቀራቸውም። ጀናዛው ወጥቶ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሸኙ ተቅዋ እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻትና በሩን በጀርባዋ ደገፈችው። እሺ፣ ንገሪኝ፣ ምን አየሽ አለቻት። ከይሪያ አፏን ከፈተች። ይሄን ልንክድ አንችልም፤ ከፈተችው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሃያ ዓመት አብረው ያኘኩት ጥያቄ ነው፣ ተቅዋም ድርሻ አላት። ከዚያ ከአፏ የወጣው፣ ውሃው ለብ ያለ ነበር፣ ጥሩ ነው፣ የሚል ነው። ተቅዋ፣ ሌላስ አለቻት። ከይሪያ ደገመችላት፤ ውሃው ለብ ያለ ነበር። ተቅዋ ተቀይማ ወጣች።

የማይነገር ነገር ይዞ መዋል ለለመደው ቀላል ይሆናል። ለሷ ግን ሕመም ነው የሆነባት። ሌሊት ባሏ ምን ሆነሽ ነው የምትገላበጪው ቢላት ሆዴን ነው አለችው፤ እውነትም ሆዷን ነበር። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ሌላ ነገር ጠበቃት። ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው የሆነች ልጅን ሲያሙ ደረሰች፤ እሷን ሲያዩ ዝም አሉ። ዝም! ከይሪያ ፊት! ሰላምታቸውን አሳምረው፣ እትዬ ከይሪያ ብለው፣ መንገድ ለቀውላት ሄዱ። በገዛ ሱቋ ወሬ ተቋረጠባት። በሩ ላይ ቆማ ስታስበው፣ ትላንት በመጋረጃው የገባችው ሴት ያኔውኑ እዚያው ቀርታለች፤ ሰፈሩም ይሄን ከሷ ቀድሞ አውቆታል። ያንን ቀን በጣም ከፋት። አብሯት የሚያማ ሰው ናፈቃት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት በዝምታዋ የምትታወቅ ሴት መጥታ ፎጣ ስትነካካ ቆየችና፣ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ ለማንም ያልነገረችውን የራሷን ጉዳይ ነገረቻት። ከይሪያ ምክር አልሰጠቻትም፤ ሰማቻት። ሴትየዋ እንባዋን ጠርጋ ስትወጣ እንዳትነግሪ እንኳ አላለቻትም። ይሄ ነው ከይሪያን ከምንም በላይ ያስደነገጣት።

በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት አሥራ ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐጃ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቆሙ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ እግራቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ለቅሶ የደረሱ ክርስቲያን ጎረቤቶች እዚያው ግቢ ተቀምጠዋልና ማተቡ ማንንም አልገረመም። የገረመው ሰዉ የማያውቃቸው መሆናቸውና የጠየቁት ጥያቄ ነው። ያሲርን አልጠየቁም፣ የቤቱ ባለቤት ማነው አላሉም። ያጠበቻት ሴት ማናት አሉ።

ከይሪያ ተነስታ ደጁ ድረስ ሄደች። አሮጊቷ እጇን ያዙና ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች።

«ወለተጊዮርጊስ እባላለሁ» አሉ። «ግራ ክንዷን አይተሽዋል?»

ከይሪያ አልመለሰችም። እኚህ ሴት የሚያውቁትን ነው የሚጠይቋት፤ አዎ ብትል ማንም አይጎዳ፣ ማንም አይሰማ። ግን መጋረጃው ለሳቸውም መጋረጃ ነው። ዓይናቸውን እያየች ዝም አለች። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ አደረግሽ፤ አትንገሪኝ» አሏት። «ስትነቀስ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። ታላቋ ነኝ።»

ከዚያ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ቀጠሉ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በየዓመቱ ትነግሣለች፤ እሳቸውም በየዓመቱ ከደብረ ብርሃን ማዶ ለንግሡ ይመጣሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ከጋራው ወዲህ ባለው ባህር ዛፍ ውስጥ እህታቸው ትጠብቃቸው ነበር። ሥጋ ይዘው አይመጡም፤ ዳቦና ቆሎ ነው፣ ሁለቱም የሚበሉት። ዘንድሮ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ የለችም። ቤቷን አያውቁትም፤ ላምበረት፣ ሐጃ ሸምሲያ፣ ይህችን ብቻ ይዘው ከጋራው ወረዱ። መናኸሪያው ጋ የጠየቁት ሰው እጁን ወደ ድንኳኑ ጠቆማቸው።

«እኛ ቤት አርባ ሁለት ዓመት ሙታ ነበር» አሉ። «አባታችን በቁሟ ተዝካሯን…»

ከይሪያ እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ነገሩ በሙሉ ከፊቷ ቆሟል፤ ሙሽራዋ ጋቢና ውስጥ እንዴት እንደገባች፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደረገመ፣ ሁሉ። አንድ ምዕራፍ ዝም ብላ ብታዳምጥ ማን ይወቅሳታል? ማንም። እኛም ብንሆን አንወቅሳትም፤ እንዲያውም ብትሰማልን በወደድን።

«ለኔ አይንገሩኝ፣ እማማ» አለቻቸው። «ይሄ የኔ አይደለም። ልጅ አላት።»

አሮጊቷ ደነገጡ። ልጁ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ከኔ የሰማው የለም አለቻቸው። ታዲያ ብነግረው ይጠላኛል ወይ፣ በሷስ ያዝንባት ይሆን ወይ አሉ፤ ከጋራው እስከዚህ ድረስ የመጡት ይሄን እየፈሩ እንደሆነ ያስታውቃል። ከይሪያ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያሲር በዒድ ቀን ጓደኞቹ አጎት ቤት፣ አክስት ቤት ሲሉ እሱ ሚኒባሱን ሲያጥብ እንደሚውል። ይሄን ነገረቻቸው። ይህን ግን በወሬ ነው ያወቀችው፤ የወሬዋ ዘመን ጥቅም ከሰጠ ያኔ ነው የሰጠው።

ደግፋ አስገባቻቸው። የሴቶቹ ክፍል ሞልቷል። ከግድግዳው ሥር፣ የሟች የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት ፍራሽ፣ ለሦስት ቀን ማንም ሳይቀመጥበት ባዶውን ከርሟል፤ ሰዉ የሚቀመጥበት እንደሌለ እያወቀ ግን ትቶታል። ከይሪያ አሮጊቷን ወስዳ እዚያ አስቀመጠቻቸው። ተቅዋ፣ ኩርፊያዋ እንኳ ሳይበርድላት፣ ማናቸው አለች። ከይሪያ፣ የሐጃ ሰው ናቸው አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህች መልስ አሥራ አምስት ጥያቄ ትወልድ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ያጠበቻት ሴት ካለች አለች ማለት ነው። አፏን ዘግታ በቆየችባቸው ሦስት ቀናት ቃሏ ይሄን ያህል መክበዱን ከይሪያ አላወቀችም ነበር።

ያሲር ተጠርቶ መጣ። እንግዳዋን አላወቃቸውም፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አሮጊቷ ግን አልለቀቁትም። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አገጩን በጣታቸው ዳሰሱት። ሰውየው እንደ ልጅ ዝም ብሎ ተዳሰሰላቸው። ቀስ ብሎ፣ «እናቴን የት ነው የሚያውቋት?» አላቸው።

ወለተጊዮርጊስ ቀና ብለው ከይሪያን አዩ። ከዚያ፣ ቁጭ በል ልጄ፣ ረጅም ነው አሉት።

ከይሪያ ተነሳች። ተቅዋን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፣ ሌሎቹንም በእጇ ጠቆመቻቸው፣ ተነሱ እንውጣ አለች። እየተገራረሙ፣ ነጠላና ሻርፓቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ወጡ። እትዬ ሐዋን ክንዳቸውን ይዛ በመጨረሻ ወጣችና በሩን ከውጭ ዘጋችው። የአሮጊቷ ድምፅ በሩን አልፎ ይሰማል፤ ዝግ ያለ፣ የሩቅ ደጋ ቅላጼ ያለው። ከይሪያ ሁለት እርምጃ ራቅ አለች። አሁንም ይሰማል። ግቢውን አቋርጣ፣ ከድንኳኑ አልፋ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደችና ፊቷን ወደ ጋራው አዙራ ቆመች።

ተቅዋ ተከትላት መጣች። ከውስጥ የሰው ልቅሶ ተሰማ፤ የወንድ ልቅሶ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያልወጣው።

«ምን አሉት?» አለች ተቅዋ።

«አልሰማሁም» አለች ከይሪያ። እውነቷን ነበር።